በባዕድ ፊደል የተጻፈ ይቅርታ

የሻሽወርቅ ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ እየሾለከ ወረደና ድንገት ላላ። ውሃ የመታ ባልዲ ይጮኻል፤ ይህኛው ግን ለስላሳ ነገር ላይ እንዳረፈ ሁሉ ዝም አለ። ጥቅምት ተጋምሶ እንኳ በኢየሩሳሌም ላይ ጠብታ አልወረደም ነበርና፣ በግቢው ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ነው የቀረው። ጎንበስ ብላ አየች። መጀመሪያ ነጭ ሸማ አየች፤ ቀጥላ የሰው ጀርባ።

ጩኸቷን ሰምተው ከሐበሾች መንገድ ማዶ ካለው ገዳም መነኮሳት እየሮጡ መጡ። በገመድና በመሰላል ታግለው ሲያወጡት ፎቅ ላይ የሚኖረው መምህር ወልዱ ነበር። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ደርቋል።

ወልዱ የሐማሴን ሰው ነው። ሚሲዮኖች ዘንድ አድጎ ፈረንሳይኛ ተምሯል። በኢየሩሳሌም ያሉ ሐበሾች ማኅበር ለቆንስሎች የሚልከውን ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው በኪራይ ቤቱ ለአራት ሰዎች የፈረንጆችን ቅጥልጥል ጽሕፈት ያስተምር ነበር። ምድር ቤቱን የተከራየችው የሻሽወርቅ አንዷ ተማሪው ናት።

ክፍሉን የከፈቱት መነኮሳት ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀለም ብልቃጡ ሥር አንዲት ወረቀት አገኙ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆኑት ብራና ጸሓፊው አባ ፍሥሐ ጽዮን ወረቀቷን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተረጎሙት። «ይቅር በሉኝ። ሁሉም ነገር አድክሞኛል። እግዚአብሔር ይፍረድብኝ።»

«እጁ የወልዱ ነው?» አሉ የገዳሙ አበ ምኔት አባ ዘሚካኤል።

«የወልዱ ነው አባታችን። ይህን እጅ ስምንት ወር ሙሉ ስገለብጠው ኖሬያለሁ።»

አበ ምኔቱ ወረቀቷን ተቀበሏቸው። ከዚያ እማሆይ ወለተ ጻድቃንን አስጠሩ።

እማሆይ ወለተ ጻድቃን ስድሳን የተሻገሩ፣ አጭር፣ ነገር ሲያዩ አንገታቸውን እንደ ወፍ ዘንበል የሚያደርጉ መነኵሲት ናቸው። የጎንደር ቁም ጸሓፊ ልጅ ነበሩ። በዚያ አገር የርስት ነገር የሚጻፈው በወንጌል ኅዳግ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በርስት ሲካሰሱ፣ ዳኛ «ይህን የጻፈው እገሌ ነው ወይስ ሌላ ሰው በእገሌ ስም?» ብሎ የሚጠይቀው አባታቸውን ነበር። የአባታቸው ዐይን ከደከመ በኋላ ብራናውን እያዩ ብዕሩ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ የሚነግሯቸው ልጃቸው ናቸው። ሲመነኵሱ ያን ሥራ የተዉት መስሏቸው ነበር።

«እማሆይ፣ በገዛ እጁ ለሞተ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ያውቃሉ» አሉ አበ ምኔቱ። «ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። ግን ይህን ሰው ዐሥር ዓመት አውቀዋለሁ። እስከ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አቆየዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ወይ በጸሎት ወይ እንደ እንስሳ ይቀበራል።»

«ሰውነቱን ልየው።»

በሬሳው ማጅራት ላይ ሰፊ ቁስል ነበር። እማሆይ በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ሲወድቅ ድንጋይ መቶት ይሆናል» አሉ አበ ምኔቱ።

«ይሆናል። ድንጋይ ግን ማን እንደገፋ አይመሰክርም። ወረቀቱን ይስጡኝ።»

ወረቀቱን ሲቀበሉ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ቢያያቸው ይስቅ ነበር፤ ገልብጠው ነው የያዙት። እያዩ ቆዩና «አባታችን» አሉ፣ «ወልዱ በእኛ ፊደል መጻፍ ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ! የማኅበሩን ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ አርቅቆ አይደል ወደ ፈረንጅ አፍ የሚመልሰው?»

«ታዲያ ይቅር በሉኝ የሚለን እኛን ነው። ከእኛ መካከል ፈረንሳይኛ የሚያነቡት በጣት ይቆጠራሉ። የሚሞት ሰው ይቅርታ የሚጠይቃቸው ሰዎች በማያውቁት ቋንቋ ለምን ይጽፋል?»

አበ ምኔቱ ጎንበስ ብለው ወረቀቷን ዳግመኛ አዩ።

«የወልዱን አማርኛ የምናውቀው ሁላችን ነን፤ ማንም አስመስሎ ቢጽፍ እንነቃበታለን» አሉ እማሆይ። «የፈረንጅ እጁን የሚያስመስሉ ግን አራት ሰዎች አሉ። ተከፍሎት ባይሆንም ለፍቶ ያስተማራቸው እሱ ራሱ ነው።»

ቀኑን ሙሉ አራቱን አንድ በአንድ ወልዱ ያስተምርበት በነበረው ክፍል አነጋገሯቸው። ለእያንዳንዱ ንጹሕ ወረቀትና ብዕር ይሰጡና «ዛሬ ቅዳሜ ነው» ብሎ በፈረንሳይኛ እንዲጽፍላቸው ይለምኑታል።

መጀመሪያ የገቡት አባ ፍሥሐ ጽዮን ናቸው።

«ከወልዱ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው። የእኛን ፊደል ‹ቆሞ የቀረ› አለው። የፈረንጁ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሮጣል፣ የእናንተ ግን እንደ በር ጠባቂ ተገትሮ ይውላል አለኝ። ሠላሳ ዓመት ብራና ላይ ለጎበጥኩ ሰው ይህ ይባላል?»

«ምን መለሱለት?»

«ቆሞ የሚጸልይ አያንቀላፋም አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም፤ እኔ ነኝ ያኮረፍኩት።» አባ ፍሥሐ ጽዮን ፊታቸውን አዞሩ። «ሦስት ቀን አኮረፍኩት። አሁን የት አግኝቼ ልታረቀው?»

ብዕሩን አንሥተው ጻፉ። እማሆይ እጃቸውን ብቻ ያዩ ነበር። አንዱን ፊደል ይጽፋሉ፣ ብዕሩን ያነሣሉ፤ ሌላውን ያቆማሉ፣ ያነሣሉ። ቃሉ ሲያልቅ ተመልሰው በቀጫጭን መስመር እንደ ሰንሰለት ያያይዙታል። በየመጋጠሚያው የቀለም ጉብታ ቀረ።

«ለምን በየፊደሉ ብዕሩን ያነሣሉ አባ?»

«እጄ እምቢ ይለኛል። ልጅ ሆኜ የተማርኩት አንዱ ፊደል ጎረቤቱን እንዳይነካ ነው። ሲነካው የኔታ በአለንጋ ይነኩኝ ነበር።»

ሁለተኛዋ ወርቅውሃ ናት፤ የሃያ ዓመት ወጣት። ወላጆቿ ለመሳለም መጥተው እዚሁ አለቁባትና ጀርመኖች ናቸው ያሳደጓት። አሁን የፈረንጅ ቤቶች ልብስ ትሰፋለች። የግራ እጇ ጀርባ አብጦ ሰማያዊ ሆኗል።

«ማን መታሽ?»

«መምህር ወልዱ። ትናንት ብዕሩን በግራዬ ይዤ አገኘኝና በማስመሪያው መታኝ። ጀርመኖቹም ግራዬን ከወንበሩ ጋር ያስሩት ነበር።»

«ጠላሽው?»

«በመታኝ ቀን ሁልጊዜ እጠላዋለሁ። በማግስቱ ይመጣና ይቅርታ ይለኛል።» ያበጠ እጇን አየች። «ይቅርታ የሚለኝ ዛሬ ነበር።»

እማሆይ ወረቀቱን ገፋ አደረጉላት። «እዚህ የሚመታሽ የለም። በፈለግሽው እጅ ጻፊ።»

በግራዋ ጻፈች፤ ቶሎና ሳትፈራ። አንዱ ፊደል ላይ አግድም የሚያልፈውን ሰረዝ ከቀኝ ወደ ግራ ሳበችው። ነጥብ የሚያስፈልገውን ፊደል እዚያው በዚያው እያነጠበች ሄደች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ፊደል አናት ላይ እንደ ቆብ ያለች ትንሽ ቅስት ደፋችበት።

«ይህች ምንድን ናት?»

«እሷ ‹ኡ› ናት። ጀርመኖች ከሌሎቹ ፊደላት እንዳትምታታ ቆብ ያደርጉላታል። መምህር ወልዱ አውልቂላት ይለኛል። እኔ መቼ እንደማደርግላት እንኳ አላውቀውም እማሆይ፤ ጽፌ ሳየው አድርጌላታለሁ።»

ሦስተኛው ሀብተሥላሴ ነው። ዐርባን የተሻገረ፣ ንጹሕ ለባሽ አስተርጓሚ ነው። የየሻሽወርቅ ሟች ባል ወንድም ሲሆን፣ ከያፋ በር ፖስታ ቤት የማኅበሩን ደብዳቤ የሚያመጣውም እሱ ነው። ገብቶ እጃቸውን ስሞ ተቀመጠ።

«ፈረንሳይኛ ከወልዱ በፊትም ትጽፍ ነበር አሉ።»

«እጽፍ ነበር፣ ግን እጄ ጠማማ ነው እየተባለ ቆንስሎች ያሾፉብኝ ነበር። እኔ ያደግኩት በድሮው ከተማ ነው እማሆይ። ፊደል የቆጠርኩት ከዓረብ ልጆች ጋር ነው። የፈረንጁን ራሴ ከመጽሐፍ እያየሁ ነው የለመድኩት። ወልዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አቃናልኝ።»

«ትናንት ከትምህርት በኋላ የት ሄድክ?»

«ቀጥታ ወደ ያፋ በር። እሱን ብቻውን ትቼው በመሄዴ አሁን ይቆጨኛል። ሰሞኑን ልቡ ከብዶት ነበር።»

«ምን ሆኖ?»

«አልነገረኝም።»

ሲጽፍ ያምራል። ብዕሩን አንዴ ቀለም ውስጥ ነክሮ ቃሉን ሳያነሣ እንደ ክር መዘዘው። ቃሉ ካለቀ በኋላ ነጥቡንና ሰረዙን ሰጠና ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ ምን ሊያደርግልዎ ነው?» አለ ፈገግ ብሎ።

«ቋንቋውንማ የት አውቄው! የእጁን መንገድ ነው የማየው።»

የሻሽወርቅ መጨረሻ ገባች። እንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ ጨው ሠርቷል። መጻፍ የምትችለው አንድ ስም ብቻ ነው፦ ምስጋናው፣ የልጇ ስም። እሱንም መስመሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ከፊቷ የሌለውን የወልዱን ናሙና በዐይኗ እየፈለገች ጻፈችው።

«በዚህ ዕድሜሽ ወደ ትምህርት ምን አመጣሽ ልጄ?»

«ልጄ ነዋ! ምስጋናውን በሰባት ዓመቱ አጎቱ ሀብተሥላሴ ያፋ ድረስ ወስዶ በመርከብ አሳፈረልኝ። ፈረንሳይ አገር መነኮሳት ያስተምሩታል። አራት ዓመት ሆነው። አማርኛው ጠፍቶበት በፈረንሳይኛ ነው የሚጽፍልኝ። ሀብተሥላሴ እያነበበ ይተረጉምልኛል። በራሴ ዐይን ላነበው፣ በራሴ እጅ ልመልስለት ብዬ ነው።»

ሳትጠየቅ ከጉያዋ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ዐሥራ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ከመታሸቱ ብዛት ጠርዙ ሳስቷል።

«ወልዱ አይቷቸዋል?»

«ሐሙስ ዕለት ላንብባቸው ብሎ ወሰዳቸው። ትናንት ከትምህርት በፊት መለሰልኝ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ‹እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብለን እናነጋግርሻለን› አለኝ።»

እማሆይ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «‹እናነጋግርሻለን› ነው ያለሽ ወይስ ‹አነጋግርሻለሁ›?»

የሻሽወርቅ አሰበች። «‹እናነጋግርሻለን› ነው ያለኝ። ምነው እማሆይ?»

«ደብዳቤዎቹን እስከ ነገ አውሽኝ።»

ፀሐይ ከገዳሙ ጉልላት ላይ ሳትወርድ እማሆይ ዐሥራ አንዱን ደብዳቤ በተራ መሬት ላይ ዘረጓቸው። አንድ ጊዜ ሲያዩ ገባቸው። ሁለተኛ ያዩት ስሕተት እንዲሆን እየተመኙ ነው። ሦስተኛ ማየት አልቻሉም። ወልዱን ከውርደት ማውጣት የአንዲት እናት ልጅ ዳግመኛ እንዲሞት ማድረግ ነው። ዝም ቢሉስ? ወልዱ ያለ ጸሎት አፈር ይለብሳል፣ ገዳዩ ነገ ሌላ ደብዳቤ ያመጣል፣ እሷም እየሳመች ጉያዋ ውስጥ ታስገባዋለች። እማሆይ ወለተ ጻድቃን በዚያ ቀን የጸለዩት እንዲያውቁ ሳይሆን ያወቁትን መናገር እንዲችሉ ነው።

እሑድ ቅዳሴው እንደወጣ አራቱም የወልዱ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ወልዱ ተገንዞ በገዳሙ ደጅ ይጠብቃል። አበ ምኔቱ በወንበር ተቀምጠዋል። በሩ ላይ እሳቸው ያስጠሩት የቱርክ ዘበኛ ቆሟል። እማሆይ ሄደው ከየሻሽወርቅ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ። እሷም ለምን እንደያዟት ሳታውቅ መልሳ ጨበጠቻቸው።

«ወልዱ ራሱን አልገደለም» አሉ እማሆይ። «ይህን ወረቀት የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ከእናንተ አንዱ።»

«እጁ የወልዱ ነው!» አሉ አባ ፍሥሐ ጽዮን።

«መልኩ የወልዱ ነው አባ፤ እጁ ግን አይደለም። መልክ ከመምህር ይገለበጣል። እጅ የሚሄድበት መንገድ ግን ሰው መጀመሪያ ፊደል ሲቆጥር የተማረው ነው፤ ያ አይለቅም።» ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። «ይህን የጻፈው ሰው ከቃሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ብዕሩን አላነሣም። በመጋጠሚያው ላይ አንድም የቀለም ጉብታ የለም። አባ፣ እርስዎ በየፊደሉ ያነሣሉ። በዚህ ፍጥነት መጻፍ ቢፈልጉም አይችሉም።»

አባ ፍሥሐ ጽዮን መስቀላቸውን ጨበጡ።

«የሻሽወርቅም አይደለችም። ከልጇ ስም በቀር ሌላ አትጽፍም፤ እሱንም መስመሯ እየተንቀጠቀጠ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ‹ት› የሚሉትን ፊደል እዩ፤ በቁመቱ ላይ እንደ መስቀል ሰረዝ ያልፍበታል። ብዕር ከተነሣበት በኩል ቀለሙ ይወፍራል፣ ወደሚያበቃበት ይቀጥናል። ወልዱ በጻፋቸው ወረቀቶች ሁሉ ሰረዙ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እዚህ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ትናንት ሁለት ሰዎች በፊቴ እንዲህ ሳቡት፤ አንዷ ግራኝ ስለሆነች፣ አንዱ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ጽሕፈት በልጅነቱ ስለተማረ።»

ወርቅውሃ ያበጠ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«አትደብቂው ልጄ፤ ያ እጅ ንጹሕ ነው» አሉ እማሆይ። «ወርቅውሃ ለ‹ኡ› ቆብ ትደፋላታለች። በዚህ ወረቀት ላይ ያችን ፊደል አባ ቆጥረውልኛል፤ ሰባት ናት። አንዷም ቆብ የላትም። ‹አስታውሳ ትታው ይሆናል› ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ለራሴ ብያለሁ። ስለዚህ ነጥቦቹን አየሁ። ወርቅውሃ ነጥቡን ከፊደሉ ጋር ወዲያው ታነጥባለች። ይህ ሰው ግን ቃሉን ከጨረሰ በኋላ ነው የተመለሰው። ሲመለስም ከመጀመሪያው አልጀመረም፤ እጁ ካረፈበት ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ሄደ። መጨረሻ ያለው ነጥብ ወፍራም ነው፣ ወደ መጀመሪያው ስትሄድ ቀለሙ እያለቀ ይሳሳል። ዓረብኛ የሚጽፍ ሰው ቃሉን መዝዞ ነጥቡን በኋላ ነው የሚሰጠው።»

ሁሉም ወደ ሀብተሥላሴ ዞሩ። እሱ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ግማሽ ፊቱን ብቻ ነው የያዘው።

«በነጥብ ሰው ይሰቀላል? እኔና ወልዱ ምን አጣላን? ምን በደለኝና እገድለዋለሁ?»

እማሆይ የሐር ጨርቁን ከእጅጌያቸው አወጡ። የሻሽወርቅ እጇ በእጃቸው ውስጥ ደነገጠ።

«ልጄ፣ የምናገረውን ስናገር ይቅር በይኝ» አሏት በቀስታ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «እነዚህ ደብዳቤዎች ፈረንሳይ አገር ካለ ልጅ የመጡ ናቸው ተብሏል። ልጁ ሲሄድ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ዐሥራ አንድ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ያለው እጅ የትልቅ ሰው እጅ ነው። ልጅ ሲጽፍ ፊደሉ ከመስመር ይወጣል፣ በየዓመቱም እያደገ ይለወጣል። ይህ እጅ ግን አንድም ቀን ልጅ ሆኖ አያውቅም። ‹ት›ን እዩ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ በዐሥራ አንዱም ላይ። ፈረንሳይ አገር ፊደል የቆጠረ ልጅ ይህን ከማን ተማረው?»

እማሆይ ሁለት ደብዳቤዎች ለይተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ እዩ። ወልዱ ‹ድ›ን ሲጽፍ አናቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ እንደ አውራ ዶሮ ጭራ ያጎነብሰዋል። አባን ጠይቄያቸዋለሁ፤ በመጽሐፍ የሌለ የራሱ ፈጠራ ነው። ይህ ጭራ በዘጠኙ ደብዳቤዎች ላይ የለም። በሁለቱ ላይ አለ። ሁለቱ የተጻፉት ይህ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ በሐበሾች መንገድ የሚያስተምር ሰው የፈጠረውን ጭራ እንዴት ያውቃል? ወልዱ ሐሙስ ዕለት ያየው ይህንን ነው። የራሱን ጭራ አየ፤ ለማን እንዳስተማረውም አወቀ። ለየሻሽወርቅም ‹እናነጋግርሻለን› አላት። እሱና አንተ ሆናችሁ ማለቱ ነበር፣ ሀብተሥላሴ። በአፍህ እንድትነግራት ቀን ሰጠህ።»

ሀብተሥላሴ ወደ አበ ምኔቱ፣ ከዚያ ወደ ዘበኛው አየ። የሻሽወርቅን ግን አላየም።

«ልጄ የት ነው?» አለች የሻሽወርቅ።

እሱ ደብዳቤዎቹን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው።

«ሀብተሥላሴ፤ ልጄ የት ነው?»

«ያፋ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ያፋ ላይ ነው። የኮሌራው ዓመት ነበር። መርከቡ ሳይመጣ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ አስመለሰው። የታመመ የተገኘበትን ቤት ወታደር ይከበዋል፣ ማንም አይወጣም አሉ። ፈራሁ። ውሃ ላመጣልህ ነው አልኩትና ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሰው ላክሁ፤ ከሌሎች ጋር ቀብረውታል አሉኝ። የት እንደሆነ አልነገሩኝም።»

የሻሽወርቅ እጇን ከእማሆይ እጅ አላቀቀች።

«አንቺ በር ላይ ቆመሽ ነበር» አለ ሀብተሥላሴ። «‹ተሳፈረ?› አልሽኝ። ‹ተሳፈረ› አልኩ። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ከዚያ ደብዳቤ ጠበቅሽ። የመጀመሪያውን ሳነብልሽ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ሣቅ ሣቅሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ላቁም?»

«ወልዱንስ?» አሉ አበ ምኔቱ።

«ከትምህርት በኋላ፣ የሻሽወርቅ ለጸሎት ገዳም ሄዳ ሳለ፣ ጉድጓዱ ዳር ቆመን ለመንኩት። ‹ያለ ልጅ ልታስቀራት ነው› አልኩት። ‹እሷን ያለ ልጅ ያስቀራት ማን ነው?› አለኝ። ገፋሁት። ወደ ኋላው ሄደ፣ ማጅራቱ የጉድጓዱን አፍ መታና ወደቀ።»

«እዚያው ሞተ?» አሉ እማሆይ።

ሀብተሥላሴ ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። እማሆይ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። ወልዱ የሚጽፍበት ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱም ጉድጓዱ ካለበት ግቢ በላይ ይከፈታል።

«እዚህ ተቀምጠህ ስትጽፍ ድምፁ ይሰማህ ነበር?»

«ብዙ አልቆየም» አለ ሀብተሥላሴ ወደ ወለሉ እያየ።

ወርቅውሃ አፏን በነጠላዋ አፈነች። አበ ምኔቱ ለዘበኛው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ሀብተሥላሴ ተነሥቶ በየሻሽወርቅ ፊት ሲያልፍ ሊንበረከክ ቃጣ፤ እሷ እግሯን ሰበሰበችና መንገድ ለቀቀችለት።

ከቀትር በኋላ ወልዱ በጸሎት ተቀበረ። ፍትሐቱን የመሩት አባ ፍሥሐ ጽዮን ናቸው። «ወንድማችን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቋርጦባቸው፣ ሌሎቹ መነኮሳት ተቀብለው ደገፉላቸው። የመጨረሻው አፈር ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር የሻሽወርቅ ከመቃብሩ ራስጌ አልተንቀሳቀሰችም። እማሆይ ሊወስዷት ጠጋ ሲሉ ወደ አባ ፍሥሐ ጽዮን ሄደች።

«አባ፣ መጽሐፉን አይዝጉት። አንድ ስም አለኝ።»

አባ ፍሥሐ ጽዮን መጽሐፈ ግንዘቱን መልሰው ከፈቱት። «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ ልጄ።»

«ኃይለ መለኮት።»

«ዕድሜውስ? የሕፃን ጸሎት ሌላ ነውና።»

«ዐሥራ አንድ» አለች። ከዚያ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የምትቆጥር ትመስል ነበር።

«አይ» አለች። «ሰባት። ሰባት ዓመቱ ነው።»